ሌኖስ፦ በመጥመቂያው ውስጥ ማን አለ?

ዛሬ ከአንዲት ቃል ብዙ አንርቅም። ቃሏ በግሪኩ አዲስ ኪዳን ሌኖስ ትባላለች። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱሳችን «መጥመቂያ» ይላታል፤ የወይን መጥመቂያ። በአዲስ ኪዳን የምናገኛት አምስት ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በማቴዎስ 21፥33፣ የቀሩት አራቱ በራእይ ናቸው፤ በ14፥19 አንድ፣ በ14፥20 ሁለት፣ በ19፥15 አንድ። ማርቆስ ያንኑ የክፉዎቹን ገበሬዎች ምሳሌ ሲጽፍ (12፥1) ሌኖስ አይልም፤ ሂፖሌኒዮን ይላል። «ከሌኖስ በታች ያለው» ማለት ነው። ይህችን ትንሽ ልዩነት ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

በአንዲት ቃል ላይ ይህን ያህል ለምን እንቆማለን? ምክንያቱም ቃሏ በአፋችን ላይ ናት። አንድ ሰው ተጨንቆ፣ ተበድሎ ሲመጣ «አይዞህ፣ ጌታ መጥመቂያ ውስጥ አስገብቶህ ነው፤ ሳይረገጥ ወይን የለም» እንላለን። በስብከትም እንላለን፣ በስልክ ጸሎትም እንላለን። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ይህን ማለት ይገባናል ወይ? መጽሐፉስ ይህን ይላል ወይ?

አስቀድመን ግን ሥዕሉን እናስተካክል። «መጥመቂያ» ሲባል ለእኛ ለሐበሾች ዓይናችን ላይ የሚመጣው ምንድን ነው? ጋን ነው። ብቅልና ጌሾ፣ የታጠነ እንስራ፣ የእናቶቻችን ጓዳ ነው። ጠላ ይጠመቃል፣ ጠጅ ይጣላል፣ አረቄ ይወጣል። ጋኑን ከድነን እንሄዳለን፤ ሥራውን እሱ ራሱ ጨለማ ውስጥ በጸጥታ ይሠራዋል። ሌኖስ እንደዚህ ያለ ጸጥተኛ ዕቃ አይደለም። ሌኖስ በእግር የሚረገጥበት ቦታ ነው። ግእዙ ነገሩን በትክክል ይዞታል፤ ምክያድ ይለዋል፤ ኬደ፣ ማለትም ረገጠ፣ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ገጠር ያደጋችሁ አውድማ ላይ በሬዎች እየዞሩ እህል ሲያበራዩ አይታችኋል። ለሌኖስ የሚቀርበው ሥዕል ከጓዳው ጋን ይልቅ ያ አውድማ ነው። ይህን የምለው ተርጓሚዎቻችንን ለመውቀስ አይደለም። ወይን መርገጥ የብዙ ሰው ሥራ ባልሆነበት አገር ከየት ቃል ያምጡ?

በእስራኤል ምድር ኮረብታዎች ላይ ዛሬም ከዓለት የተፈለፈሉ የወይን መጥመቂያዎች ይታያሉ። ከላይ ሰፋ ያለ ወለል አለ፤ ከወለሉ ቦይ ይወርዳል፤ በቦዩ ጫፍ ዝቅ ብሎ ጉድጓድ ተቆፍሯል። በበጋው መጨረሻ ዘለላው ተቆርጦ ወለሉ ላይ ይፈሳል፤ ሰዎች ባዶ እግራቸውን ይገቡና ይረግጡታል፤ ጭማቂው በቦዩ ወርዶ ጉድጓዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ማርቆስ ሂፖሌኒዮን ያለው ይህን የታችኛውን ጉድጓድ ነው። ረጋጮቹ በርከት ብለው ይገባሉ፣ ይደጋገፋሉ፣ ይጮኻሉ፣ ይዘምራሉ። ኤርምያስ በሞዓብ ላይ ሊመጣ ያለውን ጥፋት ሲናገር (48፥33) ከምልክቶቹ አንዱ የረጋጮች የደስታ ጩኸት መጥፋቱ ነው። የሰው እግር ልስልስ ስለሆነ ፍሬውን ይጨፈልቃል እንጂ ዘሩን አይሰብረውም፤ ዘሩ ከተሰበረ ጭማቂው ይመርራል። (ሰባኪዎች ሆይ፣ ይህን ስትሰሙ እጃችሁን እንደሚበላችሁ አውቃለሁ። «ጌታ ይረግጥሃል እንጂ አይሰብርህም» የሚል ስብከት ከዚህ በአንድ ሌሊት ይወጣል። እባካችሁ ታገሡ።)

ሥራው ደግሞ ትንሽ ሥራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2021 በያቭኔ ከተማ ከ1,500 ዓመት ገደማ በፊት የነበረ የወይን ማምረቻ መገኘቱ ተነግሮ ነበር። አምስት ትልልቅ መጥመቂያዎች አሉት። ቁፋሮውን የመሩት ባለሙያዎች በዓመት ሁለት ሚሊዮን ሊትር ገደማ ይወጣበት እንደ ነበር ገምተዋል። ከጌታ ዘመን በኋላ የተሠራ ነው፤ ግን እስኪ አስቡት፣ ሁለት ሚሊዮን ሊትር ስንት እግር ይፈልጋል? የእነዚያ እግሮች ባለቤቶችስ ምን ይከፈላቸው ነበር? ይህም ጥያቄ ይቆየን።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በአንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ በሰው ቤት የምትሠራ እህት ደወለችልኝ። አሥራ አራት ወር ደመወዝ አልተከፈላትም። ፓስፖርቷ በአሠሪዋ እጅ ነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ተኝታ አሥራ አንድ ሰዓት ትነሣለች። የምትሳተፍበት የስልክ ጸሎት ቡድን ነበራት፤ ችግሯን ነግራቸው በቅንነት ጸልየውላት ሲያበቁ አንዱ ወንድም «እህቴ፣ ጌታ መጥመቂያ ውስጥ ነው ያለሽው ይልሻል፤ አታጉረምርሚ፣ ወይኑ እየወጣ ነው» አላት። እሷም ይህን ነገረችኝና እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ፓስተር፣ ታዲያ ማዳም የእግዚአብሔር እግር ናት ማለት ነው?»

ወገኖቼ፣ እኔ ነገረ መለኮት በውጭ አገር ተምሬአለሁ፤ እንደዚህ ያለ ጥያቄ ግን በፈተና ወረቀት ላይ መጥቶብኝ አያውቅም። እህታችን ሥዕሉን እስከ መጨረሻው ተከትላዋለች። መጥመቂያ ካለ ረጋጭ አለ። እኔ ወይኑ ከሆንኩ፣ የምትረግጠኝ ደግሞ እሷ ከሆነች፣ እግሯ የማን ነው? ያ ወንድም ሊያጽናናት ፈልጎ፣ ሳያውቀው፣ ደመወዝ የሚቀማውን እጅ የእግዚአብሔር እጅ አደረገው። «አይደለችም» አልኳት። ለምን አይደለችም እንዳልኩ ከመጽሐፉ ላሳያችሁ።

በማቴዎስ እንጀምር። ባለቤቱ ወይን ይተክላል፣ ያጥራል፣ ሌኖስ ይቆፍራል፣ ግንብ ይሠራል፣ ለገበሬዎች አከራይቶ ይሄዳል። ምሳሌውን ጨርሳችሁ አንብቡት፤ ሌኖሱ ዳግመኛ አይጠቀስም። ከዚያ ጉድጓድ አንዲት ጠብታ ወይን ስትወጣ አናይም። የፈሰሰው የአገልጋዮቹና የልጁ ደም ነው። ማርቆስ ደግሞ ስሙን የጠራው ተቀባዩን የታችኛውን ጉድጓድ ነው፤ እርሱ ባዶውን ቀረ። ባለቤቱ ከዚያ ጉድጓድ ምን ይጠብቅ ነበር? ጌታ ይህን ምሳሌ የወሰደው ከኢሳይያስ 5 እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ መልሱ እዚያ በቁጥር 7 ተጽፏል። እግዚአብሔር ከወይኑ ቦታ ፍትሕን ጠበቀ። ኢሳይያስ በዕብራይስጥ በቃል ይጫወታል፤ ሚሽፓት ጠበቀ፣ ሚስፓሕ አገኘ፤ ጸዳቃ ጠበቀ፣ ጸዓቃ አገኘ። ፍትሕ ሲጠብቅ ደም መፋሰስ፣ ጽድቅ ሲጠብቅ የተበዳይ ጩኸት መጣለት። አያችሁ? እግዚአብሔር መጥመቂያው ዳር ቆሞ የሚጠብቀው መጠጥ ፍትሕ ነው። የሠራተኛይቱን እንባ በጉድጓዱ ውስጥ ቢያገኝ «ወይኔ ወጣ» አይልም። ጩኸት ሰማሁ ነው የሚለው።

ወደ ራእይ እንሂድ። ይህ ክፍል ብዙዎቻችን የማንሰብከው ክፍል ነው፤ እውነቱን ለመናገር ሰው ያስደነግጣል። መልአኩ የምድርን ወይን ቆርጦ ወደ ታላቁ የቁጣ መጥመቂያ ይጥለዋል፤ መጥመቂያው ከከተማ ውጭ ይረገጣል፤ ደም እስከ ፈረሶች ልጓም ድረስ ይወጣል፣ 1,600 ምዕራፍ ያህል ይሄዳል። ያ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ እንደ ማለት። ምሳሌያዊ ቁጥር እንደሆነ አምናለሁ፤ ነገር ግን ምሳሌ ነው ማለት ቀላል ነው ማለት አይደለም።

ዮሐንስ ይህን ሥዕል ከራሱ አላመጣውም። ኢዩኤል 3፥13 ላይ ነው ያገኘው፦ ማጭድ፣ የደረሰ መከር፣ የሞላ መጥመቂያ። ኢዩኤል ላይ አሕዛብ ወደ መጥመቂያው የሚገቡት ስለ ምንድን ነው? አሥር ቁጥር ወደ ኋላ መልሱ፤ 3፥3ን አንብቡ። በሕዝቤ ላይ ዕጣ ጣሉ፣ ወንዱን ልጅ በጋለሞታ ለወጡ፣ ሴቲቱን ልጅ ለወይን ጠጅ ሸጠው ጠጡ ይላል። ሴት ልጅ ሸጠው ወይን ጠጡባት! እግዚአብሔርም የኃጢአታቸውን ዓይነት እያየ የፍርዳቸውን ዓይነት መረጠ፤ ወይን ጠጣችሁባት፣ እናንተ ወይን ትሆናላችሁ። ራእይም ይህን ክር አይለቅም። ምዕራፍ 18 ላይ የባቢሎን ነጋዴዎች ሸቀጥ ሲዘረዘር ወርቅ አለ፣ ሐር አለ፣ ወይን ጠጅ አለ፣ ዘይት አለ፣ በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የሰው ሥጋና ነፍስ አለ (18፥13)። ሰው የሸቀጥ ዝርዝር ውስጥ ሲገባ ሌኖስ ይዘጋጃል። እንግዲህ ያቺን እህት «መጥመቂያ ውስጥ ነሽ» ስንላት፣ ለሸጧት የተቆፈረውን ጉድጓድ ለእሷ ሰጠናት ማለት ነው።

«ፓስተር፣ ሰቆቃወ ኤርምያስ 1፥15ስ?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ትክክል ናችሁ፤ ልሸሸው አልፈልግም። እዚያ እግዚአብሔር የራሱን ሕዝብ፣ የይሁዳን ሴት ልጅ፣ በመጥመቂያ እንደሚረገጥ ረገጠ ተብሏል። ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ያ የፍርድ ቃል ነው፤ ከተማይቱ ራሷ ስለ ዓመፃዋ እንደሆነ ትናገራለች። ወይን ሊወጣባት፣ ልትጣፍጥ ነው የሚል ሐሳብ በአካባቢው የለም። ስለዚህ በመጽሐፉ ሚዛን አንድን ሰው «በመጥመቂያ ውስጥ ያለህ ፍሬ ነህ» ማለት «በቁጣ ሥር ነህ» ማለት ነው እንጂ ማጽናናት አይደለም። ሁለተኛ፣ ያንን ቃል የምትናገረው የተረገጠችው እራሷ ናት፣ እያለቀሰች። በዚያ ምዕራፍ ከተማይቱ ደጋግማ የምትለው የሚያጽናናኝ የለም ነው። በአጠገቧ ቆሞ ነገሩን የሚያብራራላት ሰው አልተላከላትም።

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው ክፍል ደረስን፤ ኢሳይያስ 63። ከኤዶም፣ ከባሶራ፣ ልብሱ የቀላ አንድ ሰው ይመጣል። ነቢዩ እዚህም በቃል ይጫወታል፤ ኤዶም ከቀይ፣ ባሶራ ከወይን መቁረጥ ጋር በዕብራይስጥ ይቀራረባሉ። ልብስህ ለምን የወይን ረጋጭ ልብስ መሰለ? ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብቻውን እንደረገጠ፣ ከሕዝቦች አንድም ሰው አብሮት እንዳልነበረ ይመልሳል። ቅድም እንዳልኩት መጥመቂያ ብቻውን የሚረግጥ የለም፤ በርከት ብለው እየዘመሩ ነው የሚገቡት። ስለዚህ ይህ ቃል ሰሚውን ያስደነግጣል። ብቸኛ ረጋጭ፣ ያለ መዝሙር።

ደሙ የማን ነው? ኢሳይያስን እንደ ተጻፈ ብናነበው የጠላቶቹ ነው፤ ይህን መካድ አልችልም። ነገር ግን ራእይ 19ን በጥንቃቄ አንብቡ። በነጭ ፈረስ የተቀመጠው ልብሱ በደም መነከሩ የተነገረው በቁጥር 13 ነው፤ መጥመቂያውን የሚረግጠው ደግሞ በቁጥር 15። ጦርነቱ ሳይጀመር ልብሱ ደም ነክቶታል። አንዳንድ ሊቃውንት ያው የጠላት ደም ነው፣ ዮሐንስ ቅደም ተከተል አላሰበም ይላሉ። እኔ ግን በራእይ መጽሐፍ ከምዕራፍ 5 ጀምሮ የታረደው በግ ማን እንደሆነ እያወቅሁ በራሱ ደም የተነከረ ነው ከሚሉት ጋር ነኝ። በሦስተኛው መቶ ዓመት የካርታጎ ጳጳስ የነበረው ቆጵርያኖስ ስለ ጌታ ጽዋ በጻፈው መልእክቱ ከዚህም አልፎ ሄዷል፤ ወይን ካልተረገጠ እንደማይጠጣ፣ ክርስቶስም አስቀድሞ ባይረገጥ ደሙን ልንጠጣ አንችልም ነበር ይላል። ረጋጩ ራሱ የተረገጠው ፍሬ ሆነ ማለቱ ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሠዓሊያን ጌታን በመጥመቂያ ውስጥ ቆሞ፣ ተጭኖት፣ ደሙ ወደ ጽዋ ሲወርድ ይሥሉ ነበር። ሥዕሎቹ ለእኛ ለወንጌላውያን ዓይን ትንሽ ይከብዳሉ፤ ነገረ መለኮቱ ግን አይከብደንም። ጌታ የተያዘበት ጌቴሴማኒ ትርጉሙ የዘይት መጭመቂያ ነው። ራእይ 14፥20 መጥመቂያው ከከተማ ውጭ ተረገጠ ሲል፣ የዕብራውያን ጸሐፊ ደግሞ ኢየሱስ ከበር ውጭ መከራን ተቀበለ ይላል (13፥12)። ገበሬዎቹም ልጁን ከወይኑ ቦታ አውጥተው ነው የገደሉት።

እንግዲህ ከቁጣ መጥመቂያ ወይን ወጥቶ ለእኛ ሕይወት የሆነበት አንድ ጊዜ አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። እዚያ የተረገጠው ልጁ ነው፤ ፈቅዶ ነው የገባው። ብቻዬን ረገጥሁ ያለ ጌታ፣ ሁለተኛ ዘለላ አድርጎ የሚጨምራት የቤት ሠራተኛ አይፈልግም። የእሷ መረገጥ ለማንም መዳን አይጨምርም። ሥራው ተፈጽሟል።

ይህን ስል መጽሐፍ ቅዱስን በደንብ የሚያውቅ ሰው ሌላ ጥያቄ ያነሣል፣ ጥሩ ጥያቄም ነው። መከራ የሚለው የግሪክ ቃል ራሱ፣ ትሊፕሲስ፣ መጫን፣ መጨመቅ ከሚል ግሥ አይደለም ወይ የመጣው? ጳውሎስስ በሮሜ 5፥3 መከራ ትዕግሥትን እንደሚያፈራ አልተናገረም? ተናግሯል። ደግሞ ልጨምርላችሁ፤ በግሪኩ ብሉይ ኪዳን የዚህ ግሥ ዘመድ በወይን ላይ የተነገረበት ቦታ አለ፤ ዘፍጥረት 40፥11። የፈርዖን ጠጅ አሳላፊ በሕልሙ ዘለላውን ይዞ በፈርዖን ጽዋ ውስጥ ጨመቀው። ሕልሙን የሚሰማው ማን ነው? ዮሴፍ። የት ሆኖ? በእስር ቤት።

እስኪ ዮሴፍን እንየው። በስተ መጨረሻ ለወንድሞቹ እናንተ ክፉ አሰባችሁ፣ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው ያለው እርሱ ነው (50፥20)። የምንወደው ጥቅስ ነው። ነገር ግን በእስር ቤቱ ውስጥ፣ ያን የጭማቂ ሕልም በፈታበት ሰዓት፣ ምን አለ? «ጌታ እየጨመቀኝ ነው፣ ተዉኝ» አላለም። ከዕብራውያን አገር ሰርቀው እንዳመጡት፣ በጉድጓድ የሚያስጥለው ምንም ነገር እንዳልሠራ ተናገረ፤ ለፈርዖን አስታውሰህ ከዚህ ቤት አስወጣኝ ብሎ ለመነ (40፥14-15)። ዮሴፍ እምነት ስላነሰው ነው? አይደለም። በደሉን በደል ብሎ በስሙ ጠራው፤ ለመውጣትም ሰው ላከ። እግዚአብሔር ለመልካም አሰበው የሚለው ቃል የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የመጣውም ከራሱ ከዮሴፍ አፍ ነው። ይሁዳ ሊለው አይችልም ነበር። ሃያ ብሩን ተከፋፍለው «ዮሴፍ፣ አይዞህ፣ ለመልካም ነው» ቢሉት ኖሮ ያው ዓረፍተ ነገር ስድብ ይሆን ነበር። የጲጥፋራ ሚስት ብትለውስ? ጳውሎስም በመከራ እንመካለን ሲል የሚናገረው በራሱ ጀርባ ላይ ስላረፈው ዱላ ጭምር ነው። እውነት ቢሆንም ሁሉም አፍ የሚናገረው እውነት አይደለም፣ በማንኛውም ሰዓትም አይነገርም። እኔ ስለ መከራዬ የምመሰክረውን፣ አንተ ስለ መከራዬ ልትበይንብኝ አትችልም።

ስለዚህ ለዚያች እህት ያልኳት ዮሴፍን አንብቢ ነው፤ አርባኛውን ምዕራፍ፣ ሃምሳኛውን አይደለም። ያልተከፈሏትን ወሮች በደብተር ጽፋ ይዛ ነበር። በዚያ ከተማ ካለች ቤተ ክርስቲያን ሁለት እህቶችና አንድ ወንድም ወደ ቆንስላው አብረዋት ሄዱ፤ ተመላለሱ፤ ተሰለቹ፤ እንደገና ተመለሱ። ከአሥራ አራቱ ወር የዘጠኙ ተከፍሏት ከዚያ ቤት ወጣች። የአምስቱ አሁንም አልተከፈለም። አንድ ቀን እሷ ራሷ «ጌታ በዚያ ቤት ይህን አስተማረኝ» ብላ ትመሰክር ይሆናል። ከመሰከረች እሰማታለሁ፣ አብሬአት አመሰግናለሁ። እስከዚያ ግን ያንን ምስክርነት ከአፏ አልቀማትም።

ቅድም «ይቆየን» ያልኩት ጥያቄ ነበር፤ የረጋጮቹ ደመወዝ። መጽሐፍ ቅዱስ ድሀውን በመጥመቂያ ውስጥ አይቶት ያውቃል። ኢዮብ 24፥10-11ን ክፈቱ። ኢዮብ ስለ ተገፉት ሲናገር ነዶ ተሸክመው ይራባሉ፣ መጥመቂያ እየረገጡ ይጠማሉ ይላል። ይህ ቃል ሲገባኝ መጽሐፉን ዘግቼ ቁጭ ብያለሁ። ድሀው በመጥመቂያው ውስጥ አለ፤ ግን እንደ ዘለላ አይደለም፤ እንደ ሠራተኛ ነው ያለው። እስከ ጉልበቱ ወይን ውስጥ ቆሞ አንደበቱ ደርቋል። እህታችን በሰው ማጀት ለሃያ ሰው አብስላ ቆማ የምታድረው ይህ ነው። ወይኑ እሷ አይደለችም። ወይኑ የሠራችው ነው፤ እሷም ልትጠጣ የተገባት ሰው ናት።

ሕጉን አስታውሱ፤ እህል የሚያበራየውን በሬ አፉን አትሰር ይላል (ዘዳግም 25፥4)። ጳውሎስም ይህን ወስዶ ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋል ከሚለው ጋር አያይዞታል (1 ጢሞቴዎስ 5፥18)። በአውድማው ላይ ያለ በሬ እየረገጠ ይበላል፤ በመጥመቂያው ውስጥ ያለ ሰው እየረገጠ ይጠማል። ኢዮብ ይህን ዓይቶ ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ ይህን እያየህ ዝም ትላለህ ወይ? አለ። ወዳጆቹ ግን የመከራ ተርጓሚዎች ነበሩ፤ ለእያንዳንዱ ቁስል ትርጉም ነበራቸው። በመጨረሻ እግዚአብሔር ማንን ተቆጣ? ስለ እኔ ቅን አልተናገራችሁም ብሎ የተቆጣው ተርጓሚዎቹን ነው (42፥7)። የጮኸውን አይደለም።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ በዋሽንግተንም፣ በፍራንክፈርትም፣ በዱባይም ያለን የምናነብና የምንሰማ ሁሉ። ስለ ማዳም ስናወራ ሁላችን ተበዳይ እንሆናለን። ግን በመካከላችን ቀጣሪዎች አሉ። ምግብ ቤት ያላችሁ አላችሁ። ልጅ ጠባቂ ከአገር ቤት ዘመድ አስመጥታችሁ «ቤተሰብ ናት» ብላችሁ የምታኖሩ አላችሁ። ቤተሰብ መሆኗ ጥሩ፤ ደመወዟስ? ወረቀት የሌለው ወንድም ወጥ ቤት ውስጥ አሥራ አራት ሰዓት ቆሞ፣ የሚከፈለው ወረቀት ያለው ከሚከፈለው ግማሽ ከሆነ፣ እሑድ ጠዋት ከጎናችሁ ቆሞ ሲዘምር ድምፁ ደረቅ የሆነው ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ያዕቆብ 5፥4 ላይ የሚጮኸው ሠራተኛው ብቻ አይደለም፤ የተቀማው ደመወዝ ራሱ ይጮኻል፤ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ ገብቷል።

አንድ ሕግ አንብቤላችሁ ልጨርስ። ዘዳግም 15፥13-15 ነው። ስድስት ዓመት ያገለገለህን ሰው ነፃ በምታወጣበት ጊዜ ባዶ እጁን አትስደደው ይላል። ከመንጋህ ስጠው፣ ከአውድማህ ስጠው፣ ከወይን መጥመቂያህ ስጠው፤ አንተም በግብፅ ባሪያ እንደነበርክ አስብ። ከመጥመቂያህ! እንደ ውለታ አድርጎ አላስቀመጠውም፤ ሕግ ነው። ሲወጣ ተጭኖለት ይወጣል።

በዚህ ሳምንት ሒሳብ ያለባችሁ፣ እሑድ ሳይደርስ ክፈሉ። የተበደለ የምታውቁ፣ ከመተርጎም በፊት ስንት ወር እንደሆነ ጠይቁት፤ ጻፉት፤ አብራችሁት ሂዱ። አሁን ቆመን እንጸልይ። በሰው ቤት ያሉትን እህቶቻችንን የምታውቁ፣ በጅምላ አትጸልዩላቸው፤ በየስማቸው ጥሯቸው።